ካባ አይታጠብም

ጃንዲራ ፖርቶ በገባች በአሥረኛው ቀን የሠፈሩ ዳቦ ሻጭ በስሟ ይጠራት ጀመር። ዜናይዳን ግን፣ ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው ከእጁ ሁለት ሁለት ዳቦ እየገዛች፣ እስከ ዛሬ «ቀጥሎ» ነው የሚላት።

ነገሩ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መሆኑን ራሷ ዜናይዳም አታጣውም። ቅናት ግን ሲጀምር ትልቅ ነገር አይፈልግም፤ ዳቦም ይበቃዋል።

ሁለቱም የፎጎ ደሴት ልጆች ናቸው። ሳን ፊሊፔ ከተማ ውስጥ፣ ባንድ ዳገታም መንገድ ላይ፣ በራቸው ፊት ለፊት ነው። ጃንዲራ እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት ከአክስቷ ጋር ትኑር እንጂ ምሳዋን የምትበላው የዜናይዳ እናት ቤት ነበር። አብረው ተማሩ፣ አብረው ተፈተኑ፣ ባሕር ተሻግሮ ፖርቶ ከተማ ፋርማሲ ለመማር አብረው አለፉ። መሄድም የነበረባቸው አብረው ነው። ዳሩ ግን የዜናይዳ ቪዛ በነሐሴ ሲወጣ፣ የጃንዲራ ወረቀት ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲንከራተት ኅዳር አለቀ።

ስለዚህ መንገዱን የጠረገችው ዜናይዳ ናት። ክፍል ፍለጋ ሰባት በር አንኳኩታለች። በስልክ «ነይ፣ ክፍሉ አለ» ያሏት ሰዎች በሩን ከፍተው ፊቷን ሲያዩ «አሁን ገና ተያዘ» ይሏታል። ሜትሮ ባቡር ላይ የጉዞ ካርዷን ከማሽኑ ሳታስነካ ተሳፍራ፣ ተቆጣጣሪው ሰው በታጨቀበት ፉርጎ መሀል ሲያስወርዳት ፊቷ እንደ ምጣድ ጋለ። ከልጅነቷ ጀምሮ የተማረችው ፖርቱጋልኛ እንኳ ከዳት፤ የፖርቶ መምህር ቃሉን ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ይውጠዋል። ምሳዋን ብቻዋን መብላቷ እንዳይታወቅባት ስልኳ ላይ አቀርቅራ፣ ቶሎ ቶሎ ጎርሳ ትነሣለች።

እያንዳንዱን ውርደት ደግሞ በድምፅ እየቀዳች ለጃንዲራ ትልክ ነበር። «ካርዱን ሳታስነኪ እንዳትሳፈሪ። መምህሩ ፊት ተቀመጪ፣ ኋላ ከሆንሽ አይሰማም። ምሳ በጊዜ ካልሄድሽ ሩዝ ብቻ ነው የሚተርፍሽ።» ጃንዲራ ሁሉንም አዳምጣ መጣች። መጣችና ከዚያ ሁሉ አንዱም አልደረሰባትም። ማደሪያዋ እንኳ ዜናይዳ ያገኘችው ክፍል፣ ዜናይዳ ያነጠፈችላት አልጋ ነው። ቀድሞ የበቀለን ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው የሚባለው ይኸው ነው።

ቤቱ የዶና አልዚራ ነው። ዶና አልዚራ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሲያከራዩ የኖሩ፣ ሕጋቸው የበዛ ሴት ናቸው። መስከረም ላይ ሕጉን ለዜናይዳ በጣታቸው ቆጥረውላታል፦ ኩሽና በሁለት ሰዓት ይዘጋል፣ ሙቅ ውሃ አምስት ደቂቃ ነው፣ እንግዳ ክልክል ነው። ዜናይዳ አንዱንም ሳታጓድል ኖረች። ጃንዲራ በመጣች በሳምንቷ ከቤተ መጻሕፍት ዘግይታ ስትገባ፣ አንድ ሳህን የጎመን ሾርባ ተከድኖ ጠበቃት።

«የኔ ነው?» አለች ጃንዲራ።

«የማን ይሆናል ታዲያ፣ የድመቷ? ብይ ልጄ፣ አጥንትሽ ወጥቶ የለም እንዴ» አሉ ዶና አልዚራ።

ዜናይዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ዶና አልዚራ፣ ኩሽና በሁለት ሰዓት ይዘጋል ብለውኝ አልነበር?»

«ይዘጋል እንጂ። አንቺን ምን አገባሽ? አንቺማ ሥርዓት ያለሽ ልጅ ነሽ፣ በጊዜ በልተሻል።»

ምስጋና መሆኑ ነው። ዜናይዳ ወደ ክፍላቸው ገባች። ትንሽ ቆይታ ጃንዲራ የሾርባውን እኩሌታ ይዛላት መጣች።

«ነይ ቅመሽ፣ ገና ትኩስ ነው።»

«ጠግቤያለሁ» አለች ዜናይዳ። አልጠገበችም ነበር።

ዳቦውም ሾርባውም ይቅር እንበል። ቤኔዲታ ግን የምትቀር አልነበረችም።

ቤኔዲታ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ጥቅምት ላይ ሳህኗን ይዛ ብቻዋን ከምትበላው ዜናይዳ ፊት መጥታ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሰው። ነባር ተማሪዎች እንደሚለብሱት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ጥቁር የሱፍ ካባ ትደርባለች። በዚያ አገር አዲስ ተማሪ ከነባሮቹ አንዷን የክርስትና እናት አድርጋ ትይዛለች። የምትጠይቀው አዲሷ ናት፤ እሺ ወይም እንቢ የምትለው ነባሯ። ግንቦት ሲደርስ የክርስትና እናቷ የገዛ ካባዋን አውልቃ በሰው ፊት ልጇ ትከሻ ላይ ትጥላለች። ከዚያ ወዲያ ልጅቷን እንግዳ ብሎ የሚያያት የለም።

ዜናይዳ ያንን ካባ ፈለገች። በሕይወቷ እንደዚያ የፈለገችው ነገር አልነበረም። ከመፈለጓም ብዛት ገና ሳትጠይቅ ለእናቷ በስልክ «የክርስትና እናት ይዣለሁ፣ ቤኔዲታ ትባላለች» ብላ አረፈችው። እናት ለጎረቤት፣ ጎረቤት ለዳገቱ ሁሉ አዳረሰው። ከዚያ በኋላ መጠየቁ ይበልጥ ከበዳት። በፎጎ የክርስትና እናት በወላጅ አፍ ነው የምትጠየቀው፤ በገዛ አፍ መጠየቅ ልመና መሰላት። ዛሬ ነገ ስትል ወራቱ አለፉ።

ከቤኔዲታ ጋር በተዋወቁ ሰሞን አንድ ነገር ተሳስታ ነበር። ካባው ላይ የወይን ጠጅ እድፍ አይታ፣ «ስጪኝ ልጠብልሽ» አለቻት። ቤኔዲታ ካባዋን እንደ ሕፃን አቀፈችው።

«ምን ስትዪ አንቺ ልጅ፣ ካባ አይታጠብም።»

«ጭራሽ?»

«ጭራሽ። ይኼ ወይን ኬሚስትሪ ያለፍኩ ቀን የፈሰሰ ነው። ይኼ ጭቃ ወንዙ ዳር የወደቅኩ ቀን። ይኼ ሽታ ደግሞ… እሱን ተዪው። ከታጠበ ያሳለፍኩት ዘመን ከውሃው ጋር ሄደ ማለት ነው። ካባ ያጠበ ሰው ዐይኔ እንዲያየው አልፈልግም።»

ዜናይዳ አፍራ ሳቀች፤ ነገሩንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብ አለችው። ይህን ለጃንዲራ በድምፅ ቀድታ አልላከችም። ያን ጊዜ በክፋት አልነበረም፤ ይህቺ አንዲት ነገር የራሴ ትሁንልኝ ብላ ነው።

ጃንዲራ ስትመጣ የዜናይዳ እናት «ለክርስትና እናቷ» ብላ የላከችውን የፍየል አይብ ተሸክማ ነበር። በማግሥቱ ካፍቴሪያው ውስጥ ቤኔዲታ ዘንድ ሄዳ «ይኼ ከዜናይዳ እናት ነው» ብላ ሰጠቻት። መልእክቷን በሐቅ ነው ያደረሰችው። ቤኔዲታ ግን አቅፋ የሳመችው አይቡን ያመጣችውን ልጅ ነው። የካቲት ላይ ደግሞ ቤኔዲታ ጠጉሯን ልትሠራ ክፍላቸው ትመጣ ጀመር። እንግዳ ክልክል ነው ያሉት ዶና አልዚራ ራሳቸው ወንበር አቀበሉ። ቤኔዲታ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጭንቅላቷን ጃንዲራ ጉልበት ላይ ትጥላለች፤ ጃንዲራ ሹሩባውን ትሠራለች፤ ዜናይዳ ማበጠሪያ ታቀብላለች።

«ሰማችሁ» አለች ቤኔዲታ አንድ ቀን፣ «ዘንድሮ አንዲት ልጅ ብቻ ነው የምይዘው። በሚቀጥለው ዓመት ለልምምድ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ፣ ሁለት አልችልም።»

«እቺን ጭንቅላት የሚችላት ሰው ይገኛል?» አለች ጃንዲራ ጠጉሩን ሳብ አድርጋ።

«ቀስ በይ ሴትዮ፣ ልትነቅይው ነው እንዴ።» ቤኔዲታ ሳቀችና ቀና ብላ አየች። ያየችው ወደ ጃንዲራ ነበር።

ዜናይዳ ማበጠሪያውን እስኪያማት ጨብጣ ነበር። ያን ሰሞን ጃንዲራ ስትስቅ ሳቋ፣ ስትተኛ እንቅልፏ የእግር እሳት ሆነባት። እንቅልፍ እንዴት አንዱን ሰው እንደዚህ ይወደዋል እያለች ተገላብጣ ታድራለች።

መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። በሩ ሲከፈት ዜናይዳ ከመጽሐፏ ቀና አለች። ጃንዲራ የቤኔዲታን ካባ ደርባ ቆማለች።

አምስት ወር የጠበቀችው ነገር በዓይኗ ፊት ነው፤ ትከሻው ግን የሌላ ሰው ነው። ዜናይዳ ዐይኗን ከካባው ላይ አልነቀለችም።

«ምን ሆንሽ፣ ሰይጣን ያየሽ መሰልሽ እኮ» አለች ጃንዲራ። «ፌርማታው ላይ ስንቀጠቀጥ አይታኝ አውልቃ ደረበችልኝ። ሰኞ ትመልሽልኛለሽ አለች። ይኸውልሽ፣ አውቶቡሱ ደግሞ ጭቃ ረጨኝ። እዪው ጫፉን።» እውነት ነው፤ ካባው ከወገብ በታች በጭቃ ተለውሷል። ጃንዲራ አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው። «ኤጭ፣ እንደ ፍየል ነው የሚሸተው። ልጠበው ወይስ እንዲሁ ልመልስላት? የዚህን አገር ነገር የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። «አይታጠብም» ማለት ምን ይከብዳል? ቃሉ ከዜናይዳ ምላስ ጫፍ ደረሰ። እዚያው ዋጠችው።

«የሰው ልብስ አቆሽሾ ሳያጥብ የሚመልስ ማን አለ?» አለች።

ሐሰት አልተናገረችም። በፎጎ ነውሩ እንደዚያ ነው፤ እናቷ ሁለቱንም ያሳደገቻቸው እንዲህ እያለች ነው። ይህንንም ለራሷ ሁለት ሦስት ጊዜ ነገረችው።

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር» አለች ጃንዲራ። «በሙቅ ይሁን በቀዝቃዛ?»

«በሙቅ። ጭቃ በቀዝቃዛ አይለቅም።»

ለዚህኛው ፎጎም ሽፋን አይሆናትም። ሱፍ በሙቅ ውሃ ምን እንደሚሆን ዜናይዳ ታውቃለች።

እሑድ ጠዋት ዶና አልዚራ ቅዳሴ ሲሄዱ ጃንዲራ ገንዳውን ሞላች። ዜናይዳ አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማለች፤ ውሃው ሲቀዳ፣ ልብሱ ሲታሽ፣ ጃንዲራ ስታንጎራጉር። «ኧረ ዜናይዳ፣ ነይና ጉድ እዪ፣ ውሃው ጥቁር ቀለም ሆኗል» ብላ ጠራቻት። ዜናይዳ «እያጠናሁ ነው» አለች። ተነሥታ ብትሮጥ ግማሹ ይተርፍ ነበር። መጽሐፉን አንድ ገጽ ገለጠች፤ ምን እንዳነበበች ግን አታውቅም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ጃንዲራ ካባውን አጣጥፋ፣ በንጹሕ ከረጢት አድርጋ፣ በሁለት እጇ ለቤኔዲታ ሰጠቻት። ዜናይዳ አጠገቧ ነበረች። መቅረት ትችል ነበር፤ ማየት ፈልጋ ነው የመጣችው።

ቤኔዲታ ካባውን ዘረጋችው። ጫፉ ተጨማዶ፣ ቀለሙ ግራጫ ሆኖ፣ ርዝመቱ ከጉልበት ብዙም የማይወርድ ሆኗል። ወደ ፊቷ አስጠጋችና ትንፋሿን ሳበች። ከዚያ ሌላ ቦታ አሸተተች፤ ሌላም ቦታ።

«አጠብሽው» አለች።

«ጭቃ ነክቶት ነበር…»

«ጭቃውን ማን ጠየቀሽ?» የቤኔዲታ ድምፅ ተሰበረ። ከዚያ ዐይኗ ወደ ዜናይዳ ዞረ። «አንቺስ? አንቺ ታውቂ አልነበረም? ጥቅምት ላይ በዚህ በአፌ ነግሬሽ የለም?»

ጃንዲራ ቀስ ብላ ዞረች። ዜናይዳን አየቻት። ረጅም አስተያየት አልነበረም፤ ዜናይዳ ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ ታይታ አታውቅም። አሁን ጃንዲራ ትናገራለች ብላ ጠበቀች።

«ነግራኛለች» አለች ጃንዲራ። «እንዳታጥቢው ብላኛለች። እኔ ነኝ ያልሰማኋት። ሽታውን አልቻልኩትም።»

ቤኔዲታ ካባዋን ጠቅልላ ሄደች። ዞር ብላም አላየችም።

ወደ ቤት የሚወስደውን ደረጃ አብረው ይወጡ ጀመር። ግማሹ ላይ ሲደርሱ ጃንዲራ ቆመች።

«ታውቂ ነበር?»

ዜናይዳ ልትዋሽ አስባ ነበር። «አውቅ ነበር» አለች።

«ምን አደረግሁሽ?»

«ምንም። ምንም አላደረግሽኝም። እኔ የለፋሁበት ሁሉ እየመጣ አንቺ ጉልበት ላይ ይተኛል። ዳቦ ሻጩ፣ አሮጊቷ፣ እሷም። ቀናሁ። ይኸው ነው።» ከዚያ የከነከናትን ጠየቀች፦ «ለምን ዋሸሽልኝ?»

«ላንቺ መሰለሽ?» አለች ጃንዲራ። «ለእናትሽ ነው። ለሠፈሩ ሁሉ የክርስትና እናት አገኘች ብላ ተናግራለች። የበላሁት የእሷን ምሳ ነው፣ ያንቺን አይደለም።»

በሦስተኛው ቀን ጃንዲራ ክፍል አግኝታ ወጣች። ዜናይዳን ሰባት በር ያስንኳኳ ከተማ ለጃንዲራ በሦስት ቀን፣ ያውም መስኮቱ ወደ ወንዙ የሚያይ ክፍል ሰጣት። ዶና አልዚራ በር ላይ አለቀሱ። ዜናይዳ ሻንጣውን ደረጃው ድረስ አወረደችላት፤ ጃንዲራ «አመሰግናለሁ» አለቻት፤ ለማታውቀው ሰው እንደሚባለው አድርጋ። ዜናይዳ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ባዶውን አልጋ ስታይ መጀመሪያ የመጣባት ሐሳብ የዚያ መስኮት ነገር ነበር። ራሷን ጠላች። ቢሆንም መስኮቱ ከሐሳቧ አልወጣም።

ሚያዝያ ላይ ዜናይዳ ቤኔዲታን ጠየቀቻት። በፎጎ ልማድ ልመና የመሰላት ነገር አሁን ቀላል ሆነ። ቤኔዲታ ብዙም አላሰበችም።

«እሺ። አንቺ ቢያንስ ካባ ምን እንደሆነ ይገባሻል።» ቀጥላም፣ «እኔ ዘንድ ግን አንድ ሥርዓት አለ። እኔንም የክርስትና እናቴ እንዲሁ ነው ያደረገችኝ። ካባው ከመውደቁ በፊት ለማንም ያልነገርሽውን አንድ ነገር በጆሮዬ ትነግሪኛለሽ። እውነት መሆን አለበት» አለቻት።

ዜናይዳ ሦስት ሳምንት ያንን ነገር ይዛ ተኛች፣ ይዛ ተነሣች። የምትናገረውን ታውቃለች። ከአልጋዋ ሆና፣ ሜትሮ ላይ ቆማ፣ ቃሉን በልቧ ደጋግማ አጠናችው፦ ጃንዲራን አልነገርኋትም፤ እጠቢው ያልኋት እኔ ነኝ፤ በሙቅ ያልሁትም እኔ ነኝ። ብትናገር ካባው ይቀራል። ባትናገር ጃንዲራ በዋሸችላት ውሸት እስከ መጨረሻው ትኖራለች።

የግንቦቱ ቀን ፀሐያማ ነበር። ግቢው በጥቁር ካባ ተሞላ። ጃንዲራን ሁለት ነባሮች «ጠይቂንና እንያዝሽ» ብለዋት «የሰው ካባ ይቅርብኝ» ብላ መልሳለች መባሉን ዜናይዳ ሰምታለች። አሁን ግን ወደ ሕዝቡ አላየችም። እናቷ በስልክ እንድታይ አንዲት ልጅ ስልኩን ይዛላት ቆማለች። ከዳገቱ ግማሹ ሰው ከእናቷ ኋላ ተደርድሯል።

ተራዋ ደረሰ። ቤኔዲታ ካባውን አውልቃ በሁለት እጇ ዘረጋች፤ ጆሮዋንም አስጠጋች።

«እሺ፣ ንገሪኝ» አለች።

«ጃንዲራ…» አለች ዜናይዳ።

«ጃንዲራ ምን?»

ሁሉም ነገር አፏ ውስጥ ነበር። «ጃንዲራ ላይ እቀናለሁ» አለች። «ከመጣች ቀን ጀምሮ እቀናባታለሁ።»

ቤኔዲታ ቀሪውን ጠብቃ፣ ቀሪ እንደሌለ ስታይ ፈገግ አለች። «ምስጢርሽ ይኼ ነው? እኔም እኮ እቀናባታለሁ። የማይቀናባት ማን አለ?» ካባውንም ጣለችባት።

ካባው ሙቅ ውሃ ስላሳጠረው ጉልበቷ ላይ ቀረ። እውነት ነው የተናገረችው፤ ውሸት የለበትም፤ በዚያች እውነትም ካባውን አገኘች። ቤኔዲታም ትቀናለች፣ ዳቦ ሻጩም ምናልባት ይቀናል፣ ሁሉም ሰው ይቀናል። በሙቅ እጠቢው ያለችው ግን እሷ ብቻ ናት።

ጭብጨባው ሲነሣ ቀና አለች። ከዳር ቆመው ከሚያዩት መካከል ጃንዲራ እጆቿን ከራሷ በላይ አንሥታ ታጨበጭባለች። ወደ ዜናይዳ አላየችም፤ ወደ ስልኩ፣ ወደ ዜናይዳ እናት ነው የምታየው። ስልኩ ውስጥ ያሉት የዳገቱ ሰዎችም ጃንዲራን አይተው በስሟ ይጠሯት ጀመር። ዜናይዳ የካባውን ጫፍ በእጇ ይዛ ቆመች፤ ያን ጊዜም ቀናች።